የጠርሙስ እንባ

ውሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ውሻ ባቴን ነክሶኝ ጠባሳው ዛሬም አለ። ስለዚህ የአንድ ውሻ ዓይን ይህን ያህል ዓመት ከሐሳቤ አለመውጣቱ ለራሴም ይገርመኛል፣ አንዳንዴም ያናድደኛል። ስንት ሰው ባለቀበት ዘመን የማስታውሰው ይህን ነው? ግን እሱኑ ነው የማስታውሰው።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ያሉት ዓመታት። ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም እሆናለሁ፤ ሐኪም ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የምኖረው ከዋናው መኪና መንገድ ዳር፣ አንዲት ባላቸው የሞቱ ሙስሊም ሴትዮ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። እቴቴ እላቸዋለሁ። በር ላይ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው አምስት ወቅት ሰጋጅ ናቸው፤ በጾሜ ጊዜ ሹሮ ያለ ቅቤ ሠርተው የሚጠብቁኝ እሳቸው፣ በረመዳን ለማፍጠሪያቸው ውሃ የምቀዳው እኔ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

እቴቴ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ሾፌር። በድርቁ ጊዜ እህል የሚያመላልስ የፈረንጆች መኪና ይነዳ ነበር። ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አንዷ ፈረንጅ ውሻዋን ለሱ ሰጥታው ሄደች። እንዲህ ያለ ውሻ ሐይቅም ውጫሌም ታይቶ አይታወቅም። ቁመቱ ከድመት እምብዛም አይበልጥም፣ ፊቱ ሲወለድ ግድግዳ የገጨ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኖቹ ግን ወደ ውጭ ወጥተዋል። ሲተኛ እንኳ የዓይኑ ቆብ ገጥሞ አይዘጋም፤ መሐል ላይ ነጩ ይታያል። ገበያተኛው እያየ ያልፍና ተመልሶ ደግሞ ያየዋል።

እቴቴ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ውሻ ነጃሳ ነው፤ ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ማጠብ አለባቸው። ልጃቸው ግን ቀልደኛ ነበር። «እማ፣ ይኼ ውሻ አይደለም፣ እንግዳ ነው» አላቸውና ሳቁ። ከሳቁ ደግሞ አበቃ፣ ፈቅደዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በራቸው ሥር ንጹሕ አፈር በጣሳ አይጠፋም ነበር።

ፈረንጅቷ ከውሻው ጋር ትንሽ ጠርሙስ ትታለች። ልጁ ጠዋት ወደ መኪናው ከመሄዱ በፊትና ማታ ሲመለስ የውሻውን ጭንቅላት በብብቱ ይይዝና ከጠርሙሷ በሁለቱም ዓይኑ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ውሻው ዝም ብሎ ይሰጠዋል። እኔ ከደጄ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ይኼ ሰው የሚሠራው አጥቶ ነው እል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አፈሳ መጣ። ልጁ በርበሬ ለእናቱ ሊገዛ ወርዶ ሳለ ነው የያዙት። ያን ጊዜ አንድ ነጋዴ ቀጥሮት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ ወረቀቱንም አሳያቸው፣ ግን ማን አይቶለት። በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር በወታደር መኪና ሲጭኗቸው እቴቴና እኔ ቀበሌው በር ላይ ቆመናል። ሰዉ ይገፋፋል፣ ሴቶች ይጮኻሉ። እሱ ከላይ ሆኖ እናቱን ሲያይ የጮኸው አንድ ነገር ነው። «እማ፣ ውሻውን አደራ፤ ዓይኑን አደራ።»

እናት ከልጇ አፍ የመጨረሻ የሰማችውን ቃል እንዴት አድርጋ እንደምትይዝ ወልዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። እቴቴ በነጋታው የውሻውን ጭንቅላት በጨርቅ ይዘው ራሳቸው ጠብ ማድረግ ጀመሩ። ሰነበቱ፤ ጠርሙሷ ልታልቅ ስትል ይዘዋት መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን መድኃኒት እንደሆነ አንብቢልኝና ከጤና ጣቢያ ፈልጊልኝ።»

ወረቀቷን አነበብኩ፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ። ሳቄ መጣ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ የሕፃናት ቁስል ሳጥብ የዋልኩ ሰው ነኝ፣ ምሬቴ አፌ ላይ ነበር።

«እቴቴ፣ እንባ ነው» አልኳቸው። «ሰው የሠራው እንባ። ፈረንጅ ለውሻው እንባ በጠርሙስ ይገዛል። እኛ ዘንድ መጥተው ቢቀዱ በነጻ ይሞሉት ነበር።»

እሳቸው አልሳቁም።

«እንባ ነው ያልሽኝ? እስከ ዛሬ በዚህ ውሻ ዓይን እንባ ሳፈስበት ነው የከረምኩት?»

ያን ጊዜ ነው የሠራሁትን ያወቅሁት። በኛ አገር ውሻ ሲያላዝን ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ያባርረዋል፤ ሞት እየጠራ ነው ይባላል። ዓይኑ እንባ ሲያወርድ ከታየ ደግሞ የባሰ ነው፣ ጌታው ላይ እያለቀሰ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው። እቴቴ ባዶ እጃቸውን አራገፉ፣ ጠርሙሷን ከእጄ ነጠቁና ወስደው ሽንት ቤት ጣሏት። ልከለክላቸው እችል ነበር። ግን እኔም በልቤ፣ የዚህ ውሻ ጉንጭ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ጠጉር በእንባ ብዛት ቡናማ ሆኗል፣ ሌላ እንባ ምን ያደርግለታል አልኩ። ጤና ባለሙያ ነኝ ባይ እንዲህ ብዬ ወደ ራቴ ገባሁ።

ጠርሙሷ ከቀረች በኋላ ውሻው ይብስ አለቀሰ። ወደ ሰሜን የሚሄደው የወታደር መኪና በደጃችን ቀኑን ሙሉ ያልፋል፣ አቧራው ግቢውን ይሞላል፤ ያ የፈጠጠ ዓይን ሁሉንም ይቀበላል። እንባው በጠፍጣፋው ፊት ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። እቴቴ ጨርቅ ይዘው ከሥሩ ይጠርጋሉ። በርበሬ ለመመዘን ይነሣሉ፣ ተመልሰው ይጠርጋሉ። ለሶላት ይታጠባሉ፣ ሰግደው ይነሡና ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይታጠባሉ። እጃቸው ከአፈሩ ብዛት ተሰነጣጠቀ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቁመው አገኘኋቸው።

«ይኼን ለቅሶ አስቁሚልኝ፣ የኔ ልጅ። ልጄን እየጠራበት ነው። ሐኪም አይደለሽ? አስቁሚልኝ።»

«ዓይኑ ታሞ ነው እንጂ ማንንም አልጠራም፣ እቴቴ።»

«ከታመመማ አክሚው።»

አከምኩት። ይኼው ነው ጥፋቴ፣ ሳልደብቅ ልናገረው። ዓይኑ የሚያለቅስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጣ የምንሰጠው ቅባት ነበር፣ ቅባቱ ሲያልቅ ደግሞ ሰልፋ ክኒን። ያን ሰሞን ቅባት አልነበረም፣ ሰልፋ ግን ሞልቶ ነበር። ለሰው ልጅ ከሠራ ለውሻ ይሠራል አልኩ። ክኒኑን እሰብርና ከሐይቁ በወጣ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ሸፍኜ በየጠዋቱ እሰጠዋለሁ። ሞኙ ይበላዋል፣ ከበላም በኋላ እጄን ያያል።

ሠራ። ሳምንታት አለፉና ጉንጩ ደረቀ። እቴቴ ጨርቁን ወደ ዓይኑ ወስደው ሲያነሡት ደረቅ ነው። ሌላ ጨርቅ አምጥተው ሞከሩ፣ ያም ደረቅ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና መሬት ላይ ሱጁድ ወረዱ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከልጃቸው ደብዳቤ መጣ። ደህና ነኝ ይላል፣ የእግር ጫማ ሰጥተውናል ይላል፣ መጨረሻው ላይ የውሻው ዓይን እንዴት ነው ይላል። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ዶሮ አርደው ሰደቃ አወጡ፣ ጎረቤቱ በላ፣ እኔም በላሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ለቅሶ ያስቆመ ሰው ማን አለ?

እንዳይመለስበት ክኒኑን አታቋርጪ አሉኝ፤ አላቋረጥኩም።

ቀስ በቀስ ዓይኑ ብርሃኑን አጣ። መስታወት ይመስል የነበረው ነገር አቧራ የጠጣ መስኮት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ዝልግልግ ነገር ቆቦቹን ያጣብቃቸዋል። እቴቴ በጨርቅ እየላጡ ያነሡታል። ልናገራቸው ስሞክር፣ «ይኼ አይናር ነው፣ እንባ አይደለም» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው፣ እንባ አልነበረም። ከዚያ ከጥጉ ጥቁር ነገር እየተሳበ ወደ ብሌኑ ገባ። በቀኝ ዓይኑ መሐል ደግሞ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለች ቁስል ወጣች፤ እያደር ሰፋች። ውሻው ፊቱን ከግድግዳው ጋር ያሻሻል። ግድግዳው ላይ ደም አየሁ።

በዚያ ሰሞን ከውጫሌ አንድ የከብት ሐኪም ለክትባት መጥቶ ነበር። ስለ ውሻ ልጠይቀው አፈርኩ፤ ከብቱ አልቆበት የሚያለቅስ ገበሬ ከበስተኋላዬ ተሰልፏል። ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቄ ግቢያችን ወሰድኩት። እቴቴ ገበያ ነበሩ። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ፣ ብዙ አየ።

«ምን ሰጠሽው?»

«ሰልፋ።»

«ለስንት ጊዜ?»

ነገርኩት። ደብተሩን ከደነ።

«ይኼ መድኃኒት ውሻ ላይ የእንባውን ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል» አለኝ። «ቶሎ ከተቋረጠ ምናልባት ይመለሳል። ይኼ ግን ቆይቷል።»

«ድሮ እኮ እንባው ይጎርፍ ነበር። ተርፎት ነበር።»

«ጉንጩ ነው የረጠበው እንጂ ዓይኑማ ደረቅ ነበር። እንዲህ ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ዓይናቸው ስለሚወጣ አይከደንም። እንባ ዓይን ላይ እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ የነዚህን ነፋስ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ይቆጠቁጠዋል፣ ሲቆጠቁጠው ያለቅሳል፣ ያለቀሰው ደግሞ ጉንጩ ላይ ይፈሳል፣ ዓይኑ ላይ አይቆይም። ባለቤቱ ምንም አያደርግለትም ነበር? ዓይኑ ላይ ጠብ የሚደረግ ነገር?»

ስለ ጠርሙሷ ነገርኩት። የት እንዳለች ሲጠይቀኝም ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ውሃ አፍልቼ፣ ቁንጥር ጨው ጨምሬ፣ አቀዝቅዤ በየሰዓቱ ጠብ እንዳደርግለት ነገረኝ። አያድነውም፣ ስቃዩን ግን ያቀልለታል አለ። ወይም ደግሞ ግደሉት አለ።

ውሃውን የዚያኑ ቀን አፈላሁ። በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ሞልቼ ሳቀርብ እቴቴ እጄን ያዙ። «በዚህ ግቢ እንባ አይገባም» አሉ። ጨው ውሃ ነው ብላቸው፣ እንባስ ምንድን ነው አሉኝ። ብልቃጧን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ውሃዋን በየጊዜው እያፈላሁ እለውጣለሁ፣ መልሼ ኪሴ እከታለሁ። ስለ ክኒኑ ግን አልነገርኳቸውም። መስጠቱን አቋረጥኩ፣ መናገሩን ፈራሁ።

ከደብዳቤው በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። አንድ ቀን በክራንች የሚሄድ ወታደር ከመኪና ወርዶ መስጊድ ገባ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። የልጁን መንጃ ፈቃድ ይዟል። በገዛ እጄ ቀብሬዋለሁ አለ። እቤት ድረስ ለመምጣት አንጀቱ አልቻለም፣ ለሽማግሌዎቹ ሰጥቷቸው ሄደ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ እቴቴ የሱብሂ ሶላታቸውን ሰግደው በር ሲከፍቱ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆመዋል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃል። እቴቴ አልወደቁም። ማን ነገራችሁ ብለው ጠየቁ፤ አንዱ ሽማግሌ የወታደሩንና የመንጃ ፈቃዱን ነገር ነገራቸው። ተመልሰው ገቡና ውሻውን በጨርቅ ታቅፈው ወጡ።

«እዩት» አሉ። «ቀርባችሁ እዩት። አንድ ጠብታ የለውም። እሱ ያሳደገው ውሻ እሱ ሞቶ ዝም ይላል? ሰውየው ተሳስቷል፤ ወረቀቱን ከሌላ ሰው ኪስ ነው ያነሣው። ሂዱ፣ አላህ ይስጣችሁ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። አንድ በአንድ ተበተኑ። እኔ ከክፍሌ ደጃፍ ቆሜ እጄ ኪሴ ውስጥ ብልቃጧን ይዟል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ውሻው ለምን እንደማያለቅስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መስጊዱ ያለ እሳቸው ለልጁ የሙት ሶላት ሰገደለት። እቴቴ ግን በርበሬያቸውን መሸጥ ቀጠሉ። አላለቀሱም፣ ጥቁር አልለበሱም። ሰው ከደጃቸው ሲያልፍ መንገድ ማሳበር ጀመረ፣ ምን ብሎ ሰላም ይበላቸው? አንዱ ሽማግሌ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ፣ «አንቺን ይሰማሉ፣ ንገሪያቸው» አለኝ። ተቆጣሁት። ቁስል ማጠብ ብቻ ነው ሥራዬ አልኩት፣ ሂድልኝ። ማታ ማታ እቴቴ ውሻውን እግራቸው ሥር አድርገው ዓይኑን ሲመረምሩ አያለሁ። ተስፋ ካላቸው ምን አገባኝ እላለሁ ለራሴ፤ ተስፋ የምቀማው እኔ ማነኝ?

እንዲህ እያልኩ ምናልባት እስከ ዛሬ ዝም እል ነበር። አንድ ጠዋት ግን ለሥራ ስወጣ እቴቴ ግቢው መሐል የጉዞ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። በሶና ዳቦ ቆሎ በቋጠሮ አድርገዋል። የብር አምባራቸው እጃቸው ላይ የለም።

«ወዴት ነው እቴቴ?»

«ልጄን ላመጣው። ሕያው ነው ብሎ የሚሄድለት ሌላ ሰው የለም። ከወታደሮቹ መኪና አንዱን ለምኜ እሳፈራለሁ።» ውሻውን ከነጨርቁ ክንዴ ላይ አስቀመጡት። «ይኼን ላንቺ ትቻለሁ። ካለቀሰ ብቻ ላኪብኝ፣ ያን ጊዜ እመለሳለሁ። ካላለቀሰ ግን እስካገኘው አልመለስም።»

ጦርነት ወዳለበት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በእኔ ክኒን ተማምነው። ከነውሻው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እቴቴ፣ አያለቅስም» አልኩ። «ማልቀስ አይችልም። እንባውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። በዓሣ ውስጥ የሰጠሁት ክኒን ነው ያደረቀው። የከብት ሐኪሙ ነገረኝ፣ ሳልነግርዎ ቀረሁ። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መንገዱ ላይ የወታደር መኪና አለፈ፣ አቧራው መጣብን። ቋጠሯቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩ።

«ክኒኑን ባትሰጪው ኖሮ፣ ያለቅስለት ነበር?»

ውሻ ስለ ሰው ሞት አያውቅም። ሰሜን ላይ የተቀበረ ሰው ሐይቅ ላለ ውሻ ምንም አይልከውም። ይህን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

«አዎ እቴቴ» አልኳቸው። «ያለቅስለት ነበር።»

ለዚህ ውሸቴ ንስሐ ገብቼ አላውቅም።

አጠገቤ ቁጭ አሉ። «በይ አስለቅሺልኝ» አሉኝ።

ብልቃጧን ከኪሴ አወጣሁ። የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ገባ። ውሻው ዓይኑን ጨፈን፣ ገለጥ አደረገና ጸጥ አለ፤ ከስንት ወር በኋላ ፊቱን ማሻሸቱን ተወ። በሌላውም ዓይኑ ጠብ አደረግሁ። ሞላና በጠፍጣፋው ፊቱ ላይ ወረደ፣ ቡናማው ጠጉር ረጠበ። እቴቴ ጨርቅ አልፈለጉም። በባዶ መዳፋቸው ጠረጉት፤ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ጠረጉት። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉና ጮኹ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ግን እንደዚያኛው ቀን ያባርሩናል ብለው በሩ ላይ ቆሙ። እቴቴ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«አልቅሷል» አሏቸው። «ግቡ።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በሩ ሥር እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ።